ማህተም ያለበት ዝርዝር

ደቡብ ወሎ ውስጥ ሴፍቲኔት የተባለውን የድሆች መደገፊያ ፕሮግራም ስገመግም የተሳሳትኩት በመጠይቁ አይደለም። መጠይቁን አስቀድመን ሞክረነዋል። መረጃ ሰብሳቢዎቹም በደንብ ሠልጥነዋል። የተሳሳትኩት የሰዎቹን ስም ዝርዝር ስቀበል ነው።

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም ሲጀመር ሐሳቡ ድሃው ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ጊዜ እንዲያልፍ፣ እያደርም ራሱን ችሎ "እንዲመረቅ"፣ ማለትም ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ነበር። እኛ ማወቅ የፈለግነው የተመረቁት ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆኑ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ የተመራቂዎች ዝርዝር ተሰጠኝ። ማህተም አለው። በኮምፒውተር ዕጣ አወጣሁ። ዕጣ ስለሆነ ማንም አይወቅሰኝም ብዬ ተረጋጋሁ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት "ልጄ፣ የነዚያንስ ለምን አትጠይቅም?" ብለው የተዘጋ ቤት አሳዩኝ። አባወራው ተመርቆ ነበር። ዝናብ ሲቀር በሬውን ሸጠ። ከዚያ ከነሚስቱ ለቀን ሥራ ኮምቦልቻ ወረደ። ዝርዝሩን ገለጥኩ፤ ስሙ የለም። ለካ ዝርዝሩ በታደሰ ቁጥር ቀበሌውን የለቀቀ ይሰረዛል።

ክው አልኩ። የወደቁት ተሰርዘው የቀሩት የቆሙት ብቻ ናቸው። እኔ ደግሞ እነሱን ጠይቄ "ምረቃው ሠርቷል" ልል ነው!

ቤት ለቤት ልቁጠር፣ አራት ቀን ጨምሩልኝ አልኩ። "ማህተም ያለበት ዝርዝር እያለ?" ተባልኩ። ሰኔ 30 እየደረሰ ነበር፤ በጀት ይዘጋል። ማህተም እኮ ሰው አይቆጥርም! ግን ይህን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው።

እባካችሁ፣ ዕጣ ከማውጣታችሁ በፊት በየጎጡ ከሽማግሌዎችና ከእማወራዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ። ማን ነበር፣ ማን ሄደ በሉ። የያዝነው መመሪያ ሁለት ጊዜ ሄዳችሁ ያጣችሁትን በጎረቤቱ ተኩ ይላል። እኔ አትተኩ እላለሁ። የሄደበትን ጎረቤቱ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ ስልኩም አለው። ደውሉለት።

የልማት ሠራተኛውም መንገድ ካሳየ በኋላ ይመለስ። እሱ አጠገብ ቆሞ ከብቱን በትክክል የሚናገር የለም፤ ገና በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ሰው "ተመረቅ" እንዳይባል ይፈራል። የርቢ ከብት፣ ማለትም ባለቤቱ ሌላ ሆኖ እንዲያረባ የተሰጠው ከብት ካለም ለይታችሁ ጠይቁ። በረት ያለችው ላም የሌላ ሰው ልትሆን ትችላለች።

ስለተሰረዙት ሰዎች ሪፖርቱ ላይ አንድ አንቀጽ ጽፌ ነበር። አሳጥሩት ተባልኩ፤ ሁለት መስመር ሆኖ አባሪ ውስጥ ገባ።