ሁለት መቶ ፓውንድ ይበቃኛል

እንግሊዝ አገር በአንድ ባንክ የክሬዲት ካርድ ክፍል በምሠራበት ጊዜ ነው። የተበላሸ ዕቃ የገዙ ደንበኞች ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ሲያመለክቱ ጉዳዩን ተቀብለን የምናጣራው እኛ ነበርን። ሥልጠናው በሙሉ ከሚገባው በላይ ስለሚጠይቅ ደንበኛ ነበር። ከሚገባው በታች የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አንድ ቀን የደወሉ ደንበኛ ስሜን እንደሰሙ «ያገሬ ልጅ ነህ?» አሉኝ። ጥሪው ስለሚቀረጽ በእንግሊዝኛ መቀጠል ነበረብን፤ ንዴት ሲመጣባቸው ግን አማርኛው ያመልጣቸዋል። ዕድሜያቸውን በለንደን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያገለገለ መኪና በ6,400 ፓውንድ ገዙ። ቀብዱን 200 ፓውንድ በክሬዲት ካርድ ከፈሉ፤ የቀረውን ከሒሳባቸው ወደ ሻጩ አስተላለፉ። በሦስተኛው ሳምንት ካምቢዮው አስቸገረ። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ያጓራል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ተፍቶት ይወጣል። ሻጩ በመጀመሪያ «ከግቢዬ ስትወጣ ደህና ነበረች» አለ፤ በኋላ ስልክ ማንሳቱን ተወ።

«ስለዚህ ሁለት መቶዬን መልሱልኝ» አሉ።

«ሁለት መቶ ብቻ?»

«በእናንተ ካርድ የከፈልኩት እሱን ነው።»

የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75ን በእኛ ክፍል የማያውቀው የለም። የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30,000 እስካላለፈ ድረስ፣ ከዋጋው ጥቂቱ እንኳ በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ ባንኩ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። የሚጠየቀውም በካርዱ ለተከፈለው ብቻ ሳይሆን ለሙሉው ነው። ይህን ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ። ቀጥሎ የመጣው በአማርኛ ነበር፦

«ልጄ፣ ባንኩ ምን አደረገኝ?»

«ጋሼ፣ ሕጉ ነው።»

«ሕጉ ይሁን። የሰረቀኝ ሌላ፣ የምትከፍሉኝ እናንተ! ስድስት ሺህ ፓውንድ ከማያውቀኝ ሰው ኪስ ላውጣ?»

ለባንክ ሲታዘንለት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ የባንኩ ደመወዝተኛ፣ ባንኩን አትዘኑለት ብዬ ስከራከር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የተቀመጠችው ባልደረባዬ የጆሮ ማዳመጫዋን አውርዳ ታየኝ ነበር። አማርኛ ባትሰማም ልመና ላይ መሆኔ ገብቷታል። በመጨረሻ የረታኋቸው በዚያው ሕግ በሌላው ወገን ነው፤ ባንኩ የከፈለውን ከሻጩ መልሶ የመጠየቅ መብት እንዳለው ነገርኳቸው።

«እንዴ! ታዲያ ባንኩ ዋሴ ነው በለኛ!» አሉ፤ ድምፃቸው ተቀየረ። «ዋስማ ይከፍላል። ከፍሎ ደግሞ ያንን ሰውዬ አንቆ ይቀበላል። በል ጻፍ፣ ስድስት ሺህ አራት መቶ።»

ጻፍኩ። የመካኒክ ምርመራ ወረቀት እንዲያመጡ ነገርኳቸው። መኪናው ከተገዛ 30 ቀን ስላላለፈው፣ ጥገና ሳይጠብቁ መኪናውን አልቀበልም የማለት መብት አላቸው፤ በዚያው ቀን ለሻጩ በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አጥብቄ አሳሰብኩ። አውቶቡስ የነዳ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ያውቃል። የላኩልኝ ቅጂ ላይ የማርሹ ጩኸት በስንት ፍጥነት እንደሚጀምር ሳይቀር ሰፍሯል።

ችግሩ የመጣው ከራሳችን ቤት ነው። አለቃችን ማመልከቻውን ይዞ ጠራኝ።

«ደንበኛው በመጀመሪያ ስንት አለ?»

«ሁለት መቶ።»

«ታዲያ ይህን ማን ጻፈው?»

«ደንበኛው። መብቱን ሲያውቅ።»

«ማን አሳወቀው?»

መልሱን ያውቀዋል፤ ቀረጻውን ሰምቷል፤ አማርኛው ቦታ ላይ ግን ቆሞ ቀርቷል። «የእኛ ሥራ ደንበኛው የጠየቀውን መመዝገብ ነው» አለኝ፤ በቁጣም አልነበረም፤ ልጅን እንደሚመክር ሰው ረጋ ብሎ። ግድግዳው ላይ፣ ከጀርባው፣ ደንበኛን በቅንነት ስለማገልገል የሚናገር ባለ ቀለም ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በወሩ ግምገማዬ ጥሪው ከተፈቀደው ጊዜ በላይ መርዘሙና በሌላ ቋንቋ መነጋገሬ ተመዘገበብኝ። ስለ ሕጉ ግን አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ቢጻፍ ኖሮ ከሥሩ መፈረም ያለበት እሱ ነው።

ምርመራው የካምቢዮውን ጉዳት አረጋገጠ። 6,400ው ተከፈለ፣ መኪናዋም ተወሰደች።

ሰውዬው እንደገና ደወሉ። ምስጋና መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን የደወሉት ባንኩ ገንዘቡን ከሻጩ ተቀብሎ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ይህን ልነግራቸው እንደማልችል፣ የባንኩና የሻጩ ጉዳይ እንደሆነ አስረዳሁ።

«እንዴት? ዋሴን ማን ጎዳው ብዬ አልጠይቅም? አልከፍልም ካለ አድራሻውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነው። ለምስክርነትም ጥሩኝ።»

ይህ ጥሪ በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ አለቃችንን ጠየቅኩት። አሰበ፣ አሰበና «ቅሬታ ብለህ መዝግበው» አለኝ።