የጨብጥ ሞለኪውላር ምርመራ የሚሳሳተው የት ነው?

ይህ ምርመራ የባክቴሪያውን ዘረመል (ዲኤንኤ) የሚፈልግ ነው። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማሽኑ ሳይሆን ከሽንት ቤት ነው። ከወንድ የሚፈለገው መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከዚያ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት ሳይሸና መቆየት አለበት። ለሌላ የሽንት ምርመራ «የመሃሉን ያዝ» ማለት የለመደ ባለሙያ እዚህም ያንኑ ካዘዘ፣ የሽንት ቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለው ባክቴሪያ ቀድሞ ታጥቦ ይሄዳል። ዕቃውን እስከ አፉ መሙላትም ናሙናውን ያቀጥነዋል። ለሴቶች ከብልት በስዋብ (ጫፉ ጥጥ በመሰለ ዘንግ) የሚወሰደው ናሙና ይሻላል፤ ራሷ ብትወስደውም ያው ነው። የሴት ሽንት ግን ስዋብ ከሚያገኛቸው ሕመሞች እስከ 10 በመቶ ሊያመልጠው ይችላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ምርመራው ከ100 ሕሙማን 95ቱን የሚያገኝ፣ ከ100 ጤነኞች 99ኙን በትክክል ነፃ የሚል ነው እንበል። ከ1000 ሰው 100 በተያዙበት ቦታ 95 እውነተኛና 9 የተሳሳተ ፖዘቲቭ ይወጣል። የተያዙት 10 ብቻ በሆኑበት ግን እውነተኛው 9 ወይም 10፣ የተሳሳተውም 10 ገደማ ይሆናል። ማሽኑ አንድ፣ ወረቀቱም አንድ ነው፤ ግን ሁለተኛው ቦታ ላይ ፖዘቲቭ ከተባሉት ግማሹ በሌለበት በሽታ ትዳሩ ሊናጋ ነው። ምልክት የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ውጤት ሲያገኝ፣ ሌላ ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ ሊረጋገጥለት ይገባል።

ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና ላይ ይህ የተሳሳተ ፖዘቲቭ ይብሳል። የጨብጥ ባክቴሪያ ዘመዶች የሆኑ ጉዳት የማያደርሱ ናይሴሪያዎች እዚያ ይኖራሉ፤ እርስ በርስም ዘረመል ይለዋወጣሉ። በተቃራኒው ደግሞ ፖር ኤ የተባለውን ዘረመል ብቻ የሚፈልግ ምርመራ፣ ይህ ክፍሉ የተለወጠበትን ዝርያ ያልፈዋል። በሀገራችን ለቲቢ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት የተባለው ማሽን የራሱ የጨብጥና ክላሚዲያ ካርትሪጅ (ናሙናው የሚገባበት የመመርመሪያ ዕቃ) አለው። ይህ ካርትሪጅ ሁለት የጨብጥ ዒላማዎችን ይፈልጋል፤ ፖዘቲቭ የሚለውም ሁለቱንም ሲያገኝ ነው። ውጤቱ በ90 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ንፋጭ ወይም ደም የበዛበት ስዋብ «ኢንቫሊድ» (ውጤቱ የማይታመን) ሊያስብል ይችላል። ይህ ኔጋቲቭ ማለት አይደለም፤ በአዲስ ካርትሪጅ ይደገማል።

ከሕክምና በኋላ ቶሎ መመርመር ያሳስታል፤ የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ፖዘቲቭ ያስብላልና። 2 ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። መድኃኒቱ ካልሠራ ደግሞ ይህ ምርመራ የትኛው እንደሚሠራ አይነግረንም፤ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ፣ ያስፈልጋል። የካልቸሩ ስዋብ ወዲያው ቸኮሌት አጋር በተባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ይቀባና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ይቀመጣል። ፍሪጅ ውስጥ ካደረ ባክቴሪያው ይሞታል።