ልቤ ሲደልቅ አለመሸሽን የተማርኩበት መንገድ

ጎርፉ የመጣው ሌሊት ነበር። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ባለ ቁጥር እባንናለሁ፤ ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ያማከርኳት የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እንዲህ ያለው ምልክት ከወር በላይ ሲዘልቅ በራሱ እስኪተው መጠበቅ እንደማይበቃ ነግራኝ፣ ከንግግር ሕክምናው ጎን ለጎን ፈጣን እርምጃና ሶምሶማ እንድጀምር መከረችኝ።

እኔ ደግሞ ደረጃ መውጣት እንኳ እፈራ ነበር። ድካሙን አይደለም፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ያ ሌሊት የተመለሰ ይመስለኛል። እሷም የያዘችው ይህንኑ ነው። የልብ መምታት፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር በፍርሃትም በሩጫም ይመጣሉ። አደጋ በሌለበት ደጋግመው ሲመጡ ሰውነት ከአደጋው ጋር ያሰረውን ቋጠሮ ቀስ በቀስ ይፈታዋል።

መለኪያዬ አፌ ነበር፤ ማውራት እየቻልኩ መዝፈን ካቃተኝ መጠኑ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እዚያ የደረስኩት ከአጫጭር ዙሮች ተነስቼ ነው። ፍርሃቱ ሲመጣ አልቆምም። ፍጥነት ቀንሼ፣ እግሬ መሬት ሲረግጥ እያስተዋልኩ እቀጥላለሁ። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ቆሞ ሐኪም ማየት ነው። ወንዝ ዳር ያለውን መንገድም ለጊዜው ተውኩት። (ጀግንነቱን ለሚፈልግ ትቼለታለሁ።)

እንቅልፉ ዘግይቶ ነው የመጣው። ጠዋት ጠዋት መውጣቴ ጠቅሞኛል፤ የማለዳ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፣ መኝታ ሲቃረብ የሚሠራ ከባድ ስፖርት ግን ያነቃል። መጀመሪያ የተለወጠው ቅዠቱ ሳይሆን ከባነንኩ በኋላ ያለው ሰዓት ነበር። ድሮ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፤ አሁን ግን ልቤ ሲደልቅ «ይሄንንማ ዳገቱ ላይ አውቀዋለሁ» እላለሁ፣ ቀስ እያለም ይረጋጋል። ቅዠቱን ያቀለለልኝ በዋናነት የንግግር ሕክምናው ነው። ስፖርት ሕክምናን ይተካል የሚሉትን አልሰማቸውም።

ከጎርፉ ከተረፈች ጎረቤቴ ጋር መውጣት ከጀመርኩ ወዲህ መቅረት ቀንሻለሁ። የተስማማነው፣ ስለዚያ ሌሊት ማውራት የፈለገ እንዲያወራ፣ ያልፈለገ እንዳይጠየቅ ነው። እሷ ገመድ መዝለል ትወዳለች፣ እኔ ዳገት፤ እናፈራርቃለን።