የጥቅምት ውርጭ ሜሪላንድ ያለው ጓሮዬ ሲገባ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከቤታችን ጀርባ ያለችው ጓሮ የአንድ መኝታ ቤት ስፋት ቢኖራት ነው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጤና አዳም አለኝ። እስካለፈው ዓመት ድረስ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሁሉንም ነቃቅዬ በከረጢት አወጣና እገላገል ነበር። እናቴ በስልክ «በመስከረም ምን ይነቀላል ልጄ፣ እዚህ እኮ ገና አደይ እየፈነዳ ነው» እያለች ትስቅብኛለች።

ዘንድሮ አልነቀልኩም። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ እየወጣሁ ማየት፣ ያየሁትንም ከነቀኑ ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

መጀመሪያ እጁን የሰጠው በሶብላ ነው። ውርጭ እንኳን ሳይመጣ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ቅጠሉ ጠቆረ። ለሽሮ የሚሆነኝን ቀደም ብዬ ቆርጬ ማድረቅ ነበረብኝ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ማታ ስልኬ 36 ፋራናይት ይላል። በረዶ የሚሠራው 32 ላይ ነው፣ ምንም አይሆንም ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስወጣ አጥሩ ሥር ያሉት ቃሪያዎች የተቀቀሉ መስለዋል፣ አምስት እርምጃ ርቀው ከጡቡ ግድግዳ የተጠጉት ግን ምንም አልሆኑም! ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይፈሳል፣ የኔ ጓሮ ደግሞ ወደ አጥሩ ያዘቀዝቃል፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ንፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ መሬቱ ስልኩ ከሚለው በላይ ይቀዘቅዛል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለኛ ነው፣ ለቃሪያ ግን ግድግዳ ነው የሚያስፈልገው። ለከርሞ ቦታቸው እዚያ ነው።

ከተረፉት አንዱን ከነሥሩ አውጥቼ፣ ቅርንጫፉን ቆራርጬ፣ በተበሳ ባልዲ ተክዬ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ቃሪያ ብርድ ካልገደለው ዓመት ከዓመት ይኖራል። ጥፋቴ ሳላጥበው ማስገባቴ ነው። ክሽክሽ የሚባለውን ቅጠል መጣጭ ተባይ ይዞ ገባና የሳሎን አበባችንን ጨረሰው፣ በዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ እስካሁን እወቀሳለሁ።

አረንጓዴውን ቲማቲም ከሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት አስቀመጥኩት፣ ቀላ። ጣዕሙ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከሱፐርማርኬቱ ብዙም አይሻልም።

ጎመኑ ነው የካሰኝ። ብርድ ሲመታው እንዳይቀዘቅዝ ስኳር ያጠራቅማል፣ ስለዚህ ከውርጭ በኋላ ይጣፍጣል። ባለቤቴ ቀምሳ «ምን ጨመርክበት?» አለችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሊጣፍጥ ሲል እየነቀልኩ ስጥለው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርት ፈልቅቄ አንድ አንዱን ቀበርኩ፣ ሰኔ ላይ ይደርሳል። አፈሩን ከላይ የማለብስበት የረገፈ ቅጠል አነሰኝና ጎረቤቴ በከረጢት ሞልቶ መንገድ ዳር ያወጣውን አስፈቅጄ ወሰድኩ። ሰውዬው «ቆሻሻውን?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ።