አልደገምሽም?

ሻንጣዬን የፈታችው የእህቴ ልጅ ናት። ሐረር በሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ፋርማሲ ትማራለችና ከቸኮሌቱና ከሽቶው በፊት ዓይኗ ያረፈው የመድኃኒት ቦርሳዬ ላይ ነው። ሜትፎርሚኑን አየችና "ስኳር አለብሽ እንዴ?" ብላ ተወችው። ሌላኛውን ፓኬት አንስታ ስታነብ ግን ፊቷ ልውጥ አለ። "አክስቴ፣ ሌትሮዞል የጡት ካንሰር መድኃኒት አይደል?"

በሐምሌ ሙቀት የድሬዳዋ ቤት በሩም መስኮቱም ክፍት ነው። በረንዳው ላይ ድሪያዋን ለብሳ የተቀመጠችው እናቴ ሰማች። እናቴ ሰማች ማለት ደግሞ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ሰማች ማለት ነው። አንዷ "ገብርኤል ድረስ!" ሌላዋ "ያ አላህ!" እያሉ ተከታትለው ገቡ። ስንት ጊዜ በስልክ ከምላሴ ጫፍ የመለስኩት ነገር ሳሎን መሀል ተዘረገፈ።

ካንሰር የለብኝም። ያለብኝ ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም) የሚባል የሆርሞን መዛባት ነው። በየወሩ መውጣት ያለበት እንቁላል አይወጣልኝም፤ የወር አበባዬም ለወራት ይጠፋል። ይህንን በተቻለኝ መጠን ለእማዬ በሚገባት ቋንቋ አስረዳኋት። አዳምጣኝ ስታበቃ ጫማውን አውልቆ ግቢ ውስጥ የሚሯሯጠውን ልጄን በአገጯ እያመለከተች፣ "ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?" አለችኝ።

ከዚሁ ክኒን ነው የመጣው። እንዲህ ማለት ግን ቀላል አልነበረም፤ ምክንያቱም በእማዬ መዝገብ ልጄ የቁልቢ ገብርኤል ነው። እኔ ቶሮንቶ ላይ ዶክተር ዘንድ ስመላለስ እሷ ድሬ ሆና ጃንጥላና ጧፍ ተስላ ነበር። አሁንም የመጣነው ስለቱን ልናደርስ ነው። "የሁለታችሁም ነው" አልኳት። ብዙም አልተከራከረችኝም። "ገብርኤል እኮ ሐኪሙንም ይመራል" ብላ በራሷ መንገድ አስታረቀችው።

ስለ መድኃኒቱ የእህቴ ልጅ አልተሳሳተችም። ሌትሮዞል በአሜሪካ በ1997 (በፈረንጆቹ) የተፈቀደው ለጡት ካንሰር ነው፤ ፓኬቱ ውስጥ ያለው ወረቀትም እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ነው። እንዲያውም እኔ በምኖርበት ካናዳ በ2005 ለእርግዝና እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ ወጥቶበት ነበር። በኋላ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። በ2014 የታተመ፣ ፒሲኦኤስ ያለባቸው 750 ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ሌትሮዞልን ለዚሁ ከሚሰጠው ከቀድሞው መድኃኒት ከክሎሚፌን ጋር አወዳደረ፤ ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፌን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶ ልጅ ታቀፉ። ከ2018 ወዲህ ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያም ለእኔ ዓይነቷ ሴት ቀዳሚው ምርጫ እሱ ነው ይላል። አሠራሩን ፋርማሲስቷ ራሷ ቶሎ ገባት፦ ክኒኑ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ለጥቂት ቀን ይቀንሳል፣ አንጎል "ጎደለ" ብሎ እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን ይጨምራል፣ ተኝተው ከነበሩት ፍሬዎች አንዱ አድጎ ይፈነዳል። የሚወሰደውም በወር አበባ መጀመሪያ ቀናት ለ5 ቀን ብቻ ነው።

ፒሲኦኤስ የሚለው ስም ራሱ ሰው ያሳስታል። ውስጡ ያለውን ሲስት (ውሃ የቋጠረ እብጠት) የሚለውን ሲሰሙ "ካልተቆረጠ አይሆንም" የሚሉ አሉ፤ ጎረቤታችንም መጀመሪያ የጠየቀችኝ "መቼ ነው ኦፕራሲዮኑ?" ብላ ነው። አልትራሳውንድ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ግን እድገታቸው መሀል ላይ የቆመ የእንቁላል ማቀፊያዎች ናቸው እንጂ የሚቆረጥ ዕጢ አይደሉም።

በማግስቱ ምሳ ላይ የሆነውን ሳስታውስ እስቃለሁ። እማዬ የስኳር ሕመምተኛ ናት። እንጀራው ሲቀርብ ክኒኗን ከብልቃጥ አወጣች፤ እኔም የኔን አወጣሁ። አንድ ዓይነት ክኒን! ሜትፎርሚን ከሜትፎርሚን ጎን። እሷ ለስኳሯ፣ እኔ ሰውነቴ ኢንሱሊንን በደንብ ስለማይታዘዝ። ሰውነት አልታዘዝ ሲለው ኢንሱሊኑ ይበዛል፤ ሲበዛ ደግሞ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያድግበት አካል) የወንድ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመርት ይገፋፋዋል፤ እንቁላሉም ሳይበስል ይቀራል፤ አገጭ ላይ ፀጉር የሚበቅለውም ከዚሁ ነው። ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ውሎ አድሮ ለስኳር ሕመም የመጋለጥ ዕድሏ ከሌላው ሰው ይበልጣል። እማዬ ይህን ስትሰማ ከጎኔ ያለውን የሙሸበክ ሳህን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው። "አንቺም እኮ አይፈቀድልሽም" ብላት፣ "እኔማ ወልጄ ጨርሻለሁ" አለች።

ድሬ ላይ አንቱታ እምብዛም ነው፤ ጥያቄም እንደዚያው በር አያንኳኳም። ከዚራ ላይ ጭማቂ የምትሸጠው ሴት፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ የድሮ ክፍል ጓደኛዬ፣ ሁሉም ልጄን አየት አድርገው "አልደገምሽም?" ይላሉ። ከዚያ ያችኑ "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" የምትለዋን ያስከትላሉ። "አቦ፣ ለሱም ወንድም ስጪው!" ቶሮንቶ ውስጥ ማንም እንደዚህ አይጠይቅም። እኔ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጥያቄው አይደለም የሚያመኝ። የሚያመኝ መልሱን ስናገር የሚመጣው ነው። "እየሞከርኩ ነው፣ እንቢ አለኝ" ስላት ያችው "ድገሚ" ያለችኝ ሴት ዞር ብላ "ውይ፣ አንድ አለሽ እኮ! ስንቱ ያጣውን" ትለኛለች። ልጅ የሌላት ሴት ቢያንስ አብረዋት ያለቅሳሉ። አንድ ያላት ሴት ግን እንድትደግም ትገፋለች፣ አልመጣ ሲላት ደግሞ ምስጋና እንዳጣች ትቆጠራለች። ሁለቱን በአንድ አፍ!

አንድ ጊዜ የወለደ ማህፀን ተከፍቷል፣ ከዚያ ወዲያ ችግር የለም የሚለው አስተሳሰብም አለ። መውለድ ፒሲኦኤስን አያድንም። የመጀመሪያ ልጄን ጡት ካስጣልኩ በኋላ የወር አበባዬ ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ ቀረ፤ ዶክተሯ በመጀመሪያ ያዘዘችው የእርግዝና ምርመራ፣ ቀጥሎ የታይሮይድና የፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) የደም ምርመራ ነበር፤ የእነሱ መዛባትም የወር አበባ ያስቀራልና። ሁሉም ደህና ነበር። ያው የድሮው ነገሬ ነው። የተለመደው ምክር "ዓመት ሞክሩና ኑ" ነው፤ የወር አበባዋ ጭራሽ ለማይመጣ ሴት ግን ዓመት መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው፣ እንቁላል ሳይወጣ ምን ይሞከራል? በሽንት የሚታዩት የኦቩሌሽን (እንቁላል የሚወጣበት ጊዜ) መመርመሪያ ወረቀቶችም ለብዙዎቻችን አያስተማምኑም። የሚለኩት ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን ፒሲኦኤስ ባለባት ሴት ላይ ዘወትር ከፍ ሊል ስለሚችል ወረቀቱ ያለ እንቁላል "ዛሬ ነው" እያለ ሊያስሮጥ ይችላል። ባለቤቴ በነዚያ ወረቀቶች የተነሳ ከሥራ ተጠርቶ የመጣባቸውን ቀናት እዚህ ባልጽፍ ይሻላል።

ለሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ወጣን። የደንገጎን ጥምዝምዝ ስንጨርስ ሙቀቱ ቀረ፤ የድሬ ልጅ ሹራብ መያዝ ሁሌ ይረሳል። ራስ መኮንን ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሰዉ ብዛት! ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ አለ፣ በዓመቱ የሰጠኸኝ ብላ ጨቅላ ያዘለች አለች፣ እልልታው አያባራም። ልጄ ከቁመቱ የሚበልጠውን ጃንጥላ አልሰጥም ብሎ ራሱ ይዞ ገባ። ስለቱ ሲሰጥ እማዬ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ አብራን የመጣች ዘመዳችን ክንዴን ያዘችና "በይ፣ እዚሁ ቆመሽ የሁለተኛውን ተሳይ። ያልመጣልሽ የፊተኛው ስለት ስላልደረሰ ነው" አለችኝ። አልተሳልኩም። ይህ ዕዳ ነበር፣ ከፈልን፤ ለሚቀጥለው ቀብድ እንዲሆን አልፈለግሁም። ልጄን ለመጣበት ብቻ አመስግኜ መውጣት ነበር ሐሳቤ። የዘገየ ስለት እንቁላል ይይዛል የሚለውን ደግሞ አላምንም፤ ገብርኤልን እንደዚያ ቂመኛ አላውቀውም። እማዬ በበኩሏ የፈለገችውን ተስላ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ያ የሷና የመልአኩ ጉዳይ ነው።

ክኒኑን የጀመርኩት ድሬዳዋ እያለሁ ነው፤ ስሌቱ ከአውሮፕላን ትኬት ጋር ነበር። እንቁላሉ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ባለቤቴ ያለበት ቶሮንቶ መድረስ ነበረብኝ። ጎረቤታችን ይህን ስሌት ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። ስሸኝም ጥቁር አዝሙድና ማር በፌስታል አሲዛኝ፣ "ኢንሻአላህ ይሄም ያግዘዋል" አለች። ማሩን በላነው።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ማታ የእህቴ ልጅ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። መጀመሪያ ስለ ትምህርት፣ ከዚያ ስለ ሐረር የቤት ኪራይ አወራችኝ። መጨረሻ ላይ "አክስቴ፣ የኔም እኮ አራት ወር አምስት ወር ይቆያል" አለች። አገጯ ላይ የምትነቅለውንም አሳየችኝ። ጤና ጣቢያ ሄዳ "ስታገቢ ይስተካከላል" ተብላ ተመልሳለች። ፋርማሲ የምትማር ልጅ! መጽሐፉ ላይ ያነበበችውን በራሷ ላይ ማየት አልቻለችም፣ ወይም አልፈለገችም። ዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከአሥሩ አንዷ ያህል ፒሲኦኤስ አለባቸው፣ ከነሱም እስከ 70 በመቶው አያውቁትም ይላል። ለትዳርም ለልጅም ባታስብ እንኳ መታየት እንዳለባት ነገርኳት፤ የወር አበባ ለብዙ ወራት ሲቀር የማህፀን ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል፣ ሳይወርድ ለዓመታት መቆየቱ ለማህፀን ካንሰርም ያጋልጣል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ደሙ እንዲወርድ የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣል። ያላገባች ልጅ የማህፀን ሐኪም ቤት ስትገባ ሰው ምን ይላል የሚለው ነበር የከበዳት። "እማዬን ይዘሽ ሂጂ" አልኳት፤ አያቷን ማለቴ ነው። ከእማዬ ጋር የገባን ሰው ማን ይናገራል?

ቶሮንቶ ከተመለስኩ በኋላ የፕሮጄስትሮን የደም ምርመራዬ እንቁላሉ መውጣቱን አሳየ፤ እርግዝና ግን አልሆነም። እንቁላል ከወጣ መጠኑን መጨመር አያስፈልግም፣ በዚያው እንቀጥላለን ብላለች ዶክተሯ። ኦንታሪዮ የአንድ ጊዜ አይቪኤፍ (ፅንሱ ከሰውነት ውጭ ተፈጥሮ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና) ወጪ ትሸፍናለች፣ መድኃኒቱን ባይጨምርም፤ ግን ክኒኑ እየሠራ ወደዚያ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ያገባ ጤነኛ ሰውም በየወሩ አያረግዝም።

የእህቴ ልጅ ከአያቷ ጋር ሄዳ ታየች። ታይሮይዷም ፕሮላክቲኗም ደህና ነው፤ ሐኪሙ ፒሲኦኤስ ነው ብሏታል፣ ደሙን የሚያወርድ ክኒንም ጽፎላታል። ትናንት ቴሌግራም ላይ የላከችልኝ የማዘዣ ወረቀቱን ፎቶ ነው፤ ከሥሩ "እማማ ሐኪሙን ስለ ሙሸበክ ጠየቀችው፣ ለሁለታችንም ከልክሎናል" የሚል ጽፋበታለች።