ጤነኛውን ለምን አወረድኩት?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። ጠረጴዛውን ሳስተካክል ቀለል ይለኝ ይሆናል ብዬ ተነሣሁና በጨርቅ የተጠቀለለው የመኪናዬ አሮጌ ተርቦ፣ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት ዞሮ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው መሣሪያ፣ እጄ ላይ ወደቀ። ጨርቁን ስፈታው የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። አየር የሚገፋውን ወገን፣ የኮምፕረሰሩን ክንፎች በጣቴ ገፋ አደረግኳቸው፤ ያለ ድምፅ ዞሩ። የአንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ የጥፍር ጭረት የምታህል ምልክት አለች። ሁለቱን ወገን፣ ጭሱ የሚያዞረውን ተርባይንና ኮምፕረሰሩን፣ የሚያያይዘው ዘንግ ከትንሿ ጣቴ ይቀጥናል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር የኖረው ይህ ዘንግ ነው። በአንድ ወገኑ ብረት የሚያግል ጭስ፣ በሌላው ወገኑ ንጹሕ አየር፣ የሚሸከመው ደግሞ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ።

ምንም አልሆነም ነበር። ያወረድኩት ተበላሽቶ አይደለም፤ በትልቅ ተርቦ ልተካው ብዬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ያን ቀን «ምን አድርጎህ ነው?» አለኝ። ፋብሪካው ፈርቶ ነው ትንሽ ያደረገው ብዬ መለስኩለት፤ ከልቤም አምኜበት ነበር። ሥራውን በጥድፊያ አልሠራሁትም። አየር ሲበዛ ነዳጅም መብዛት አለበት፤ ካነሰ ሙቀቱ ይንራል፣ ቃጠሎው ከጊዜው ይቀድማል፣ ፒስተን እስከ መበሳት ይደርሳል። ስለዚህ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ቀየርኩ፣ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር አሳደግኩ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርም እንደገና ተስተካከለ። ኃይሉ መጣ። ሞተሩ 4,000 ዙር ሲያልፍ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል።

ከዚያ በታች ግን ዝምታ ነው። ትልቅ ክንፍ ከባድ ነው፤ ጭሱ በርትቶ እስኪገፋው ድረስ አይነቃም። መርገጫውን እረግጣለሁ፣ እጠብቃለሁ። እናቴ ባለፈው ሳምንት ከኋላ ተቀምጣ «ልጄ፣ መኪናህ ታሟል እንዴ? ሲነሣ ያቃስታል» አለችኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ትንሹ ተርቦ 2,000 ዙር ሳይሞላ ይነቃ ነበር። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ቆሞ እንደሚነሣ፣ ስንት ጊዜስ ሰው አሳፍሮ ዳገት እንደሚወጣ አስበው የሠሩት ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ፍርሃት ያልኩት ያንን ነው።

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ መነሻው የሚባክነው የጭስ ጉልበት ነበር። ይህን ሐሳብ ሁልጊዜ እወደዋለሁ፦ ወጥቶ የሚሄደው ትንፋሽ ተመልሶ አዲሱን ትንፋሽ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ተርቦ ይዞ ለገበያ የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ደግሞ ቃጠሎው ከጊዜው እንዳይቀድም ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይፈልግ ነበር፤ ብዙ ባለቤቶች መሙላቱን ይረሱት ነበር። መኪናው ከሰዎቹ የዕለት ኑሮ ጋር አልገጠመም። የእኔስ ገጥሟል?

መካከለኛ መንገድ አለ። ይህንኑ አሮጌውን ፈትቶ፣ የተርባይኑን ወገን እንዳለ ትቶ፣ በኮምፕረሰሩ በኩል ጥቂት ሰፋ ያለ ክንፍ ማስገባትና ሚዛኑን በመሣሪያ ማስተካከል። ቶሎ ይነቃል፣ ከቀድሞውም የበለጠ አየር ይሰጣል። ሳስበው ደስ አለኝ፤ መፍቻም አነሣሁ።

ከዚያ ክንፎቹን እንደገና ገፋኋቸው። አሁንም ያለ ድምፅ ይዞራሉ። ምንም ያልሆነውን ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ልነካው ነው?