«ከመጠቀምዎ በፊት ይነቅንቁ» ያለኝ ማን ነው?

በሪሞት የምትነዳዋ መኪና በስም የልጄ ናት። ገና ከካርቶኗ ስትወጣ «አባዬ፣ ዞር በል» ተብያለሁ፤ አልዞርኩም። ሰሞኑን ታዲያ ትንሽ ጉብታ ዘልላ ስታርፍ አልረጋ አለች። እንደ ኳስ ትነጥራለች። ገልብጬ ሳያት አራቱም አሞርዛተሮች፣ ነጠራዋን የሚያበርዱት ዘይት የሚሞላባቸው ቱቦዎች፣ በዘይት የራሰ አቧራ ለብሰዋል። ዘይቱ ሁሉ ውጭ ነው፤ ውስጥ የቀረው ትዝታው ብቻ።

«አስር ደቂቃ አይፈጅም» አልኩ። ባለቤቴ ይቺን «አስር ደቂቃ» በደንብ ታውቃታለች። ምንም ሳትናገር ምንጣፉን ጠቅልላ ወሰደች።

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ክዳኑን ትፈታለህ፣ አሮጌውን ዘይት ትደፋለህ፣ ፒስተኑን ወደ ታች ስበህ አዲሱን ሲሊኮን ዘይት ትሞላለህ። ከዚያ ፒስተኑን ቀስ እያልክ ከፍ ዝቅ ስታደርገው፣ ከሥሩ የተደበቀው አየር በትንንሾቹ ቀዳዳዎች እያለፈ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ቀሪው ሥራ አቁሞ መጠበቅ ነው።

እኔ ግን ገና ከጠርሙሱ ተሳሳትኩ። እጄ የልጅ ሽሮፕ ለምዶ ኖሮ፣ ዘይቱን ከመክፈቴ በፊት አገላብጦ ናጠው። ያውም ጥሩ አድርጎ! ጠርሙሱ ላይ 350 ሲኤስቲ ይላል፤ የዘይቱ ውፍረት መለኪያ ነው። ውሃ በዚህ ልኬት 1 ገደማ ነው፤ እንዲህ በወፈረ ዘይት ውስጥ የገባች አረፋ ደግሞ ለመውጣት ምንም አትቸኩልም። አራቱን አሞርዛተሮች ሞልቼ ብርጭቆ ውስጥ አቆምኳቸውና አቀርቅሬ እጠብቅ ጀመር። አንዷ አረፋ ብቅ ትላለች፣ ጠርዙን ተደግፋ ታርፋለች፣ ታስባለች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አረፋ ሳይ ቆየሁ። አንገቴ አሁንም ያመኛል።

ትዕግስቴ አለቀ። በዚያ ላይ ጎዶሎ ነገር አልወድም፤ የመጀመሪያውን እስከ አፉ ጢም አድርጌ ሞላሁት፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ እንደተሳበ ክዳኑን ግጥም አድርጌ አጠበቅኩት። ዘንጉን ስገፋው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ! ድንጋይ ሆነ። ለካስ ዘንጉ ሲገባ ቦታ ይፈልጋል፣ ዘይት ደግሞ አይታመቅም፤ ቦታ የምትለቅለት ከክዳኑ ሥር ያለችው ስስ ጎማ ብቻ ናት። ደንቡ ዘንጉን በከፊል ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ትርፉን ዘይት በክዳኑ ጠርዝ እያፈሰሱ ማጥበቅ ነበር። እኔ የመሰለኝ ግን አዲስ ስለሆነ የጠነከረ ነው። ጠረጴዛው ላይ አቁሜ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት።

ጧ!

ክዳኑ የት እንደሄደ አላየሁም፤ ምክንያቱም መነጽሬ ከዚያ በኋላ ምንም አላሳየኝም። በሸሚዜ ጠረግኩት፣ ባሰበት። ሲሊኮን ዘይት ውሃ ቢያፈሱበት ንቅንቅ አይልም፤ ትቼው ይደርቃል ቢሉትም አይደርቅም። ዓለም ሁሉ ጉም ለብሶ እያለ ክዳኑን ፍለጋ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ቀኝ እግሬ ሄደ። ግራው ሊከተለው ፈቃደኛ አልነበረም። የጠረጴዛውን ልብስ ጨበጥኩ፤ ጨርቁም አብሮኝ መጣ፣ ብርጭቆውም ጨርቁን ተከትሎ መጣ፣ ሃያ ደቂቃ የጠበቅኳቸው ሦስቱም አሞርዛተሮች ጭኔ ላይ ተደፉ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። መሬት ላይ እንደ መቀስ ተከፍቼ ተቀምጫለሁ።

«አስር ደቂቃው አለቀ እንዴ?»

ክዳኑን በማግስቱ ልጄ ጫማው ውስጥ አገኘው። ሁሉንም እንደገና ሞላሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ጠርሙሱን እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት። ሦስቱ ጸጥ ብለው ይሠራሉ። የፊት ግራው ግን አሁንም አየር ሳይቀርበት አልቀረም፤ በተጫኑት ቁጥር ጭርቅ ጭርቅ ይላል። ልጄ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማውና በጣም አዘነለት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሆዱን አሞታል። ሽሮፕ እንስጠው?»